ቪው ይከበርልን!

ባለፈው እሁድ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ መንገድ ገባ ብሎ፣ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይን ይተከል ወይስ አይተከል። ከጠዋት እስከ ምሳ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተጎልቼ አዳመጥኩ። ምን እንደተባለማ ታውቁታላችሁ። «እኛ ልማት አንቃወምም፤ ግን ቪው ይበላሻል።»

እንዴት አያመሰግኗቸውም? አገር እንዲህ ያሉ የቪው ዘበኞች ባይኖሯት ምን ይውጣት ነበር! ያውም ያለ ደሞዝ። ተፈጥሮን ከመውደዳቸው የተነሳ ከሩቅ ማየት አላስቻላቸውም፤ መጥተው ላዩ ላይ ቤት ሠሩበት። ከብት ይግጥበት የነበረውን መስክ ኮብልስቶን አለበሱት፤ እንዳይበርደው ይሆናል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ተራራ ግማሽ ጎኑ በድንጋይ ካባ ተበልቷል። እሱን ማንም አላነሳም። እንዴት ይነሳል? ድንጋዩ የነሱው ግድግዳ ላይ አይደል እንዴ ያለው።

ከሁሉም ልቤን የነኩት አንድ ጋሼ ናቸው። ማይክ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከተፈጥሮ ፍቅር። «ይህ ድንግል መልክዓ ምድር ነው» አሉ፣ በጣታቸው ባሕር ዛፉን እያሳዩ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ብዙ ስለቆየ ዜግነት ይሰጠው፣ ግድ የለም። የጋሼ ቪላ ከስብሰባው ቦታ ፊት ለፊት ነው። የአጥሩን ቁመት ነገር አታንሱብኝ። ጫፉ ላይ ስባሪ ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ በላይ እሾሃማ ሽቦ። ግቢው ውስጥ ቆሞ ኮረብታውን ማየት አይቻልም። ከምድር ቤትም አይታይም። ከአንደኛ ፎቅ የሚታየው የአጥሩ ጫፍና የጎረቤት ውኃ ታንከር ነው። ቪው ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ደግሞ ገና አላለቀም። ብረቱ ወደ ሰማይ ተገትሮ፣ ዙሪያውን በባሕር ዛፍ አጣና ታስሮ ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ ጋሼ ቪው ሲያምራቸው በአጣና መሰላል ይወጡና በአጣናዎቹ መሃል አጮልቀው ያያሉ። የሚበላሸው ይኼ ነው እንግዲህ።

ገና አልጨረስኩም። ስለ ተርባይን ጩኸት ሲናገሩ እኛ ኋላ ያለነው በደንብ አልሰማናቸውም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የቪላቸው ጄኔሬተር ድድድድ ይላል። ጥቁር ጭሱ በአጥሩ ላይ ዘሎ፣ በሽቦው ሾልኮ ስብሰባው ውስጥ ገባ። ሰብሳቢው «ጋሼ፣ ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አላቸው። «ጩኸቱ ሰላም ይነሳናል!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ወፎቹ ገቡ። የወፎቹ ነገር እንባ አመጣባቸው። (የወፍ ጉዳይ እውነተኛ ጉዳይ ነው። አሞራና ጭልፊት የሚያዘወትሩት ቦታ ላይ ተርባይን ከተተከለ ክንፉ ይገድላቸዋል፤ ቦታው ተጠንቶ ነው የሚመረጠው።) ጋሼ ግን ያዘኑት ለወፍ ዘር በሙሉ ነው፤ ለምሳ ከተሰናዳችው ዶሮ በስተቀር። ሻይ ስንወጣ የቴሌግራም ግሩፕ ልንከፍት ነው ብለው ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። ፕሮፋይላቸውን አየሁት። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ከጀርባቸው የአዳማ ተርባይኖች ተደርድረዋል። ያምራል።

አዳማ ላይ ያሉት በሁለት ዙር የተተከሉ ናቸው፤ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102። በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ገበሬው በመሃላቸው ያርሳል። እዚያ ሲሆን ለፎቶ፣ እዚህ ሲሆን ለለቅሶ።

ለመቃወም እኮ ደህና ምክንያት አልጠፋም ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ነፋስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ኃይል ሩብ ያህሉ ይጎድላል። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ልብ ያለው ሰው መጀመሪያ የመለኪያ ምሰሶ አቁሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ነፋሱን ይለካል። «ለመሆኑ ነፋሱ ተለክቷል ወይ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። በ2011 ግንቦት ላይ የጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን ምድር ቀውጢ የሆነባቸውም እነዚሁ ነበሩ። ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ልክ ግድብ በሚጎድልበት ሰሞን። ይህን ስብሰባ ላይ ማንሳት ግን ጨዋነት አይደለም። መብራት የሚመጣው ከሶኬት ነው፤ አለቀ።

ወደ ማብቂያው ላይ አንድ ገበሬ እጃቸውን አወጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። መሬቴ ከተነካ ካሳው ስንት ነው? መብራቱስ ለኛ ይደርሰናል ወይ? ሰብሳቢው ሰዓቱን አየት አደረገና «አባባ፣ በጽሑፍ ያስገቡት» አላቸው።

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። የከፍተኛ ኃይል መስመር በኚህ ሰውዬ ማሳ ላይ አልፎ ከተማ ይገባል፤ እሳቸው ቤት ማታ የሚበራው የእጅ ባትሪ ነው። ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት የለውም። የማገዶ ሸክም ጀርባቸውን አጉብጧቸው የእንጦጦን ቁልቁለት የሚወርዱትን እናቶች ሁላችንም ከመኪና መስኮት አይተናል። እነሱንም ቪው አድርገናቸዋል፤ ፎቶ እናነሳቸዋለን። አንተ አሻግረህ የምታየው እንዲያምርልህ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይቆይ ማለት ጭካኔ ነው። አትፈልግም? አትፈልግ፤ መብትህ ነው። ግን መጀመሪያ ሰውዬውን መልስላቸው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስብሰባው በስኬት ተጠናቀቀ። ጉዳዩን በጥልቀት የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጋሼ በጭብጨባ ሰብሳቢ ሆኑ። ገበሬው አልተመረጡም፤ ጥያቄያቸው በጽሑፍ እስኪገባ እየተጠበቀ ነው። የመጀመሪያው የኮሚቴ ስብሰባ ጋሼ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሆናል። መውጫው የአጣና መሰላል ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ ባይደረግ ይመረጣል የሚል ማሳሰቢያ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል።