ሰባት ዓመት የቆየ መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች የመንዝ ባናና አሮጌ ብርድ ልብስ ተቸንክሮበታል፤ ለውርጩ ሳይሆን የከበሮው ድምፅ ጎረቤት እንዳይረብሽ ነው። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሮክ የሚለማመደው እዚያ ነው። ለዓመታት ሠርግ ላይ የሰው ዘፈን ተጫውተው ባጠራቀሙት ገንዘብ የራሳቸውን አልበም ሊቀርጹ ሲሉ፣ ቡድኑን የመሠረተው ጊታር ተጫዋች ባለፈው መስከረም ውጭ አገር ሄደ። የጊታሩ ማቆሚያ እስካሁን ጥግ ላይ ባዶውን ቆሟል። ያነሣው የለም፤ ካፖርት እንኳ አይሰቀልበትም።

ከዚያ ወዲህ መካሪው በዝቷል። ገሚሱ ያለ መሥራቹ ስሙን መያዝ ነውር ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ ቁርጥ እርሱን የሚመስል ጊታር መቺ ፈልጉ ይላቸዋል። ሁለቱም ምክር አይዋጥልኝም፤ ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ግን ከዚህ ብርድ ወጥቼ ለንደን ድረስ መሄድ አለብኝ።

ፒንክ ፍሎይድ ለሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ስሙን ያወጣለት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ሲድ ባሬት ነው፤ ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች ስም ቀንጭቦ። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን የደረሰውም እርሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ አእምሮው ታወከ፤ መድረክ ላይ ዝም ብሎ የሚቆምበት ምሽት በዛ። በጥር 1968 ጓደኞቹ ለሥራ በመኪና ሲወጡ አንዱ ሲድን እንውሰደው ወይ ብሎ እንደ ጠየቀ፣ ተዉት ተብሎም እንደ ታለፈ ራሳቸው ተርከዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽማግሌ አልገባ፣ መሰነባበቻ አልተደረገ።

የዚያው ዓመት አልበማቸው «ኤ ሶሰርፉል ኦፍ ሲክሬትስ» ይባላል። አዲሱ ጊታር መቺ ዴቪድ ጊልሞር ገብቷል፣ ሲድ ወጥቷል፤ የመጨረሻው ዘፈን ግን የሲድ ነው፣ በገዛ ድምፁ። ለእኔ ሥራው ያላለቀለት ጥልፍ ይመስለኛል፤ ክሩ ሁሉ ይታያል። ሰው መሥራቹ ከሄደ በኋላ ባንዱ ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም ብሎ የሚፈርደው እንዲህ ባለው የመጀመሪያ አልበም ነው። እኔ ፍርዱ ቸኩሏል ባይ ነኝ። ፒንክ ፍሎይድ ስለ ሲድ የምር የተናገረው በ1975 «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ሲወጣ ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ።

ሰባት ዓመት ለእኛ ባዕድ ቁጥር አይደለም። አርባውን አውጥተን፣ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን አስበን፣ አቅም ያለው ሰባት ዓመቱንም ይዘክራል። ለእንግሊዞቹ ይህን የነገራቸው የለም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ይሁንና አልበሙን ከዚህ አገር ሆኖ ለሚሰማ ሰው የተዝካር ቤት ጠረን አለው። ለሲድ የተዘፈነው ረጅም ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ አልበሙን ይከፍታል፣ አልበሙን ይዘጋል። የጊልሞር ጊታር አራት ድምፆችን ቀስ ብሎ እየደጋገመ ይጥላል፤ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ከስምንት ደቂቃ በላይ ያልፋል። ለቅሶ ደራሽ ገብቶ ቃል ሳይናገር ጥግ ይዞ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ዛሬ ይህን ያህል የሚታገሥ አሳታሚ ይገኝ ይሆን?

ልዩነቱ፣ የሚዘከረው ሰው አልሞተም። ሰኔ 5 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ራሱንም ቅንድቡንም የተላጨ ወፍራም ሰው ስቱዲዮው ገብቶ ቆመ። ጓደኞቹ ለጊዜው አላወቁትም። ሲድ ነበር። በራሱ ተዝካር የተገኘ ሌላ ሰው እኔ አላውቅም።

ይኸው ባንድ በ1985 ደግሞ ቤዝ መቺውንና ዋና ገጣሚውን ሮጀር ዋተርስን አጣ። ያኔ ክርክሩ ስሙ የማን ነው የሚል ሆነ፣ ጠበቃም ገባበት፤ የ1987ቱ አልበም የወጣው በዚያ ሙግት መሐል ነው። ድምፁ የጠራ ነው፣ ተሸጧልም። እኔ ግን ቀለም ተቀብቶ ለተከራይ የቀረበ ቤት ይመስለኛል፤ ማን ይኖርበት እንደ ነበር የሚናገር አንድ ሚስማር እንኳ አልቀረም። ሌላው የእንግሊዝ ባንድ ጄነሲስ ዘፋኙ ፒተር ጋብሪኤል ሲሄድ ብዙ ዘፋኝ ፈትኖ ሲያበቃ ማይክሮፎኑን ለገዛ ከበሮ መቺው ለፊል ኮሊንስ ሰጠ። ያ ይሻላል፤ ቢያንስ የቤቱ ልጅ ነው።

የእኛ ባንዶች ደግሞ ከጠብ ይልቅ ቪዛ ይከፍላቸዋል። ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ ሲመለስ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሉ እዚያው ቀረ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። የቀረም የተመለሰም ከዳ አይባልም። ስለዚህ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ስሙንም ይያዙ፣ አልበሙንም ይቅረጹ፤ የሄደውን የሚመስል ሰው ግን አይፈልጉ። ስለ እርሱ ለመዝፈንም አይቸኩሉ።

ባለፈው ሳምንት ልምምዳቸውን አየሁ። የጊታሩ ተራ ሲደርስ ከበሮውና ቤዙ ብቻቸውን ቀጠሉ፤ ዜማው ባዶ ሜዳ ላይ የወጣ መሰለኝ። ሲጨርሱ ረስታችሁት ነው ወይ አልኳቸው።

«አይ ጋሼ፣ እሱን ቦታ ገና አልነካነውም» አለኝ የእህቴ ልጅ። ከዚያ ከግድግዳው የወለቀውን የባና ጥግ በመዶሻ መልሶ ቸነከረ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር፣ ጎረቤት ይተኛል።