ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሁሉ ቆጣሪ አያስሮጥም

እህት ዓለም፣ «ሂት ፓምፕ ያለው የልብስ ማድረቂያ ሁለት ሦስት ሰዓት ስለሚሠራ መብራት ይበላል፤ ቶሎ የሚያደርቀውን ግዢ» ያሉሽ ተሳስተዋል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ቆጣሪው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የሚሳበውን ኃይልም ይቆጥራል። ቶሎ የሚያደርቀው በሬዚስታንስ (እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ በሚግል ሽቦ) ስለሚያሞቅ 2500 ዋት ያህል ይስባል። ሂት ፓምፑ እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር ይሠራል፤ ያንኑ ሙቀት ደጋግሞ ስለሚጠቀምበት ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዋት በታች ይበቃዋል። 8 ኪሎ ልብስ ለማድረቅ የመጀመሪያው ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲፈጅ ሁለተኛው 2 አካባቢ ይፈጃል። ሙቀቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ልብስ ብዙም አይጎዳም።

ሞቅ ያለው ኮምቦልቻ ብትሆኚ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ይበቃሽ ነበር። በደሴ ክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል፣ አንሶላና የሕፃን ልብስ በገመድ አይደርቅም፤ ቤተሰብ ለበዛበት ቤት ማሽኑ ቅንጦት አይደለም። ብቻ በረንዳ ላይ አታስቀምጪው፤ ሂት ፓምፕ ብርድ ቦታ ላይ ይደክማል።

ማጠቢያሽንም እይው። በደቂቃ 1400 ዙር የተጨመቀ ልብስ በ800 ዙር ከተጨመቀው በጣም ያነሰ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ማድረቂያውም ያን ያህል ይቀለዋል። የማድረቂያውን የብናኝ ማጣሪያ ባደረቅሽ ቁጥር አጽጂው።