ማስተካከያ፦ የለንደን ቀይ አውቶቡሶች ኦፕሬተር ማነው?

ባለፈው ሳምንት የብሪታንያ አውቶቡስና ትራም ፎቶዎችን ስለ መመደብ ስጽፍ፣ የለንደን ቀይ አውቶቡሶችን በሙሉ «ትራንስፖርት ፎር ለንደን» በሚል ኦፕሬተር (አውቶቡሱን የሚያሰማራ ድርጅት) ሥር አስገቧቸው ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

ይህ ተቋም መስመር ይቀይሳል፣ ታሪፍ ይወስናል፣ ጨረታ ያወጣል። አውቶቡሱን የሚያሰማራውና ሾፌሩን የሚቀጥረው ግን ጨረታውን ያሸነፈው ኩባንያ ነው፤ ሜትሮላይን፣ ስቴጅኮች፣ ጎ-አሄድና ሌሎችም። ያረጋገጥኩት ተቋሙ ራሱ ለሕዝብ ከሚያወጣው የጨረታ ውጤት ነው። ፎቶውም ይመሰክራል። በበሩ በኩል፣ በግራ ጎኑ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አጉልታችሁ እዩ፤ የኦፕሬተሩ ስምና አድራሻ እዚያ አለ።

የማንችስተር ቢጫ አውቶቡሶችም እንደዚሁ ናቸው። «ቢ ኔትወርክ» የጋራ መለያ እንጂ ኦፕሬተር አይደለም። የብላክፑል ከተማን ምድብ ግን አትንኩት፤ እዚያ አውቶቡሱንም ትራሙንም የሚያንቀሳቅሰው የከተማው ምክር ቤት ኩባንያ ነው።

እኔን ሰምታችሁ ምድብ የቀየራችሁ፣ እባካችሁ መልሱት። አለዚያ የሜትሮላይንን ፎቶ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ፎቶው የተነሳበትን ቀንም አትዝለሉ፤ ጨረታ ሲታደስ ያው መስመር ወደ ሌላ ኩባንያ ሊዞር ይችላል።