ካሳ የያዛት ጥላ

የቤት ዕቃ ክብሩ የሚታወቀው ሲሰበር ነው። የአያታችን ጥላ ከቁም ሳጥን ጀርባ ቆማ ስንት ዘመን አቧራ ስትጠጣ ማን ዞር ብሎ አያት? እጀታዋ ለሁለት የተገመሰ ቀን ግን ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ መጣ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ፤ የቀረ ንፍሮ ብቻ ነው።

አክስቴ ቀደሙ። «ይቺ እኮ ጃንሆይ ለአባታችን የሸለሟቸው ናት!» ባለፈው ፋሲካ ሲያወሩልን ግን ከአሥመራ ተገዝታ የመጣች ነበረች። አጎቴ ይባስ ብለው እስከ አፄ ፋሲል ወሰዷት። ዝም ብንላቸው ከንግሥተ ሳባ ጋር ኢየሩሳሌም ደርሳ ትመለስ ነበር።

ወጉን ያበላሸው የአክስቴ ልጅ ነው። የስልኩን መብራት አብርቶ አንዱ ሽቦ ላይ «ፎክስ» የሚል ማኅተም አገኘ። ሳሙኤል ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ የጥላን ሽቦ መሀሉ ጎድጎድ ካለ ብረት መሥራት የጀመረው በ1852 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «ስለዚህ ፋሲል ሊይዟት አይችሉም። ያን ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ገና ካሳ ነበሩ» አለ። አጎቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«በቃ፣ ካሳ ይዟት ነበር ማለት ነዋ!»

ምክርማ ተትረፈረፈ። አንዷ «በፕላስተር ጠቅልሏት» አለች። ሌላዋ ከፋይ አልብሰን ለስለት ለቤተ ክርስቲያን እናስገባት አለች፤ ታቦቱ የተሰበረ ዕቃ ይወዳል ያላት ማን እንደሆነ እንጃ። ዋሽንግተን ያለችው የአጎቴ ልጅ በቪዲዮ ደውላ «እንዳትነኳት! የጥንት ዕቃ ከተነካካ ዋጋው ይወርዳል» ብላ አስጠነቀቀች። ዋጋው ከየት ወዴት እንደሚወርድ ግን አልነገረችንም።

መንገድ ዳር ጫማና ጃንጥላ የሚጠግን ሰውዬ ጋ ወሰድናት። ታሪኳን ያልጠየቀ እሱ ብቻ ነው። እጀታዋ ቀንድ ነው። ስብራቱን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና የደረቀውን የድሮ ሙጫ በምላጭ ፈቀፈቀ። ሁለቱንም ስባሪ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ፣ ራሱ የተቆረጠ ሚስማር መሀላቸው ሰካ። ከሁለት ቱቦ የሚወጣውን ሙጫ በክብሪት እንጨት አዋህዶ ቀባው። ገጠማቸውና በጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ አሰረ።

«ነገ ኑ። እስከዚያ ማንም እንዳይፈታት።»

በማግስቱ ስብራቱን ለማየት መነጽር ያስፈልግ ነበር። ከፀጉር የማይወፍር መስመር ብቻ ቀርቷል። አክስቴ ጥላዋን ዘርግተው ከሥሯ ቆሙ፤ እንባ ተናነቃቸው። «እናቴን ያየሁ መሰለኝ» አሉ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ስንት ነው ልጄ?»

«ሦስት መቶ ብር፣ እናቴ።»

«ሦስት መቶ? ለዚች አሮጌ ጥላ?!»

አጎቴ ወዲያው ስልክ ተደወለላቸውና «ሃሎ፣ ሃሎ» እያሉ ራቅ አሉ። ሲጠራ የሰማ ግን የለም።