እርማት፦ የአሜሪካ ገጠር ከተማ ሰው ሁሉ ገበሬ አይደለም

ሰላም ወገኖች፣ ኮመንት ላይ "የአሜሪካ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ሰው ሁሉ ገበሬ ነው፣ መሬት ከሌለህ እዛ ስራ የለም" የሚል ነገር እየተደጋገመ ስላየሁ ነው፣ ከቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ ግን ልክ አይደለም።

ለምሳሌ ሚኒሶታ ያለችውን ዎርቲንግተንን እዩ። ዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር ነው እውነት ነው፣ ከተማዋን ግን ዋናው የያዛት ጄቢኤስ የሚባል ኩባንያ የአሳማ ስጋ ፋብሪካ ነው፣ ከ2,000 በላይ ሰራተኛ አለው፣ ሀበሾችም ይሰሩበታል። ስራው ብርድ ክፍል ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ በቢላዋ ስጋ መቁረጥ ነው እንጂ እርሻ አይደለም። ከዛ ውጪ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሱቅ አለ። ህዝቡም በፈረንጆቹ 2010 ቆጠራ 12,764 ነበር፣ በ2020 13,947 ሆኗል።

ማጣራት ቀላል ነው፣ የአሜሪካ ሴንሰስ ቢሮ (የህዝብ ቆጠራ መስሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ የከተማዋን ስም ፅፋችሁ ሰው በምን ዘርፍ እንደሚሰራ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ማየት ነው፣ በነፃ ነው።

ይሄን የምለው አንዳንዱ ስራ የለም ብሎ ይቀራል፣ ሌላው ደግሞ የእርሻ ስራ መስሎት ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል፣ የአሳማ ስጋ መንካት በሃይማኖቱ የሚከብደው ሰው ደግሞ ቤት ከመከራየቱ በፊት ፋብሪካው ምን እንደሚያርድ ይጠይቅ እባካችሁ።