ስሙ የተጠበቀለት፣ እጁ የተረሳው የጣሊያን ፖርሴሊን

የአውሮፓ ኅብረት ለእጅ ጥበብና ለኢንዱስትሪ ውጤቶች የመልክዓ ምድራዊ አመላካች ጥበቃ (አንድ ዕቃ በተሠራበት ስፍራ ስም የመጠራት መብት) የሚሰጠው ደንብ ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የድሉ እልልታ አላባራም። ሰሞኑን ያነበብሁት አንድ የንግድ ትንታኔ ደግሞ ከእልልታም አልፎ ፋይሉን ዘግቶታል። እንደ ጸሐፊው አባባል ውድ የሆነው የጣሊያን የፖርሴሊን ማዕድ ዕቃ ቅርሱ ከእንግዲህ የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ስሙ በሕግ ከተጠበቀ ቅርሱም ተጠበቀ ማለት ነው፤ ሳህኑ በእጅ ይቀባ ወይም በማሽን ይታተም፣ እራቱን የሚበላው ሰው አያውቀውም፣ ለማወቅም አይፈልግም። ስለ ሳህን ሳይሆን ሳህኑ ስለሚታሸግበት ካርቶን የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍሁት ነበር።

ከመጨረሻው ልነሣ። የሚበላው ሰው አያውቅም የሚለው አባባል የክርክር ሳይሆን የዓይን ስንፍና ውጤት ነው። የታተመ ጌጥ በወረቀት ላይ ተዘጋጅቶ በሳህኑ ላይ የሚለጠፍ ስለ ሆነ በማጉያ መነጽር ሲታይ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበታተናል። በብሩሽ የተቀባ ቅጠል ግን ብሩሹ ባረፈበት ወፍሮ፣ በተነሣበት ሳስቶ ይታያል፤ በአንድ ሳህን ላይ ያሉ ሁለት ቅጠሎች እንኳ ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የሳህኑን ከንፈር የሚዞረውን የወርቅ መስመር የምታሰምር ሠዓሊ ሳህኑን በምትሽከረከር ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ልክ መካከሉን እስኪይዝ ድረስ በጣቷ መታ መታ እያደረገች ታስተካክለዋለች፤ ከዚያም በአንድ እጇ ጠረጴዛዋን እያዞረች ብሩሹን የያዘውን እጇን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። መስመሩን የሚስለው የሳህኑ መዞር ነው፤ የእጇ ጥበብ አለመንቀሳቀሷ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ወርቁ ወርቅ አይመስልም፣ የተጨማለቀ ቡናማ ፈሳሽ ነው፤ ከምድጃ ሲወጣም ደብዛዛ ነው፤ አጌት በተባለ ጠንካራ ድንጋይ ተወልውሎ ነው የሚያበራው። ይህን አንድ ጊዜ የተመለከተ ሰው ልዩነቱን አያውቅም ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ተመጋቢው አልተናገረም።

ከቅብ በፊት ያለው ሥራም እንዲሁ ነው። ፈሳሹ ጭቃ በጀሶ ቅርጽ ውስጥ ተሞልቶ ጀሶው ውኃውን ሲመጥ ግድግዳ ይሠራል፤ የቅርጹ መጋጠሚያ የተወው ጠባሳ በስለት እየተፋቀ ይጠፋል፤ እጀታው በራሱ በጭቃው ይጣበቃል፤ ከዚያም እስከ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ውስጥ ዕቃው ወደ 15 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ክዳን ያለው የሾርባ ማቅረቢያ ክዳኑ ከአፉ ጋር የሚገጥመው ሁለቱ እኩል ከተኮማተሩ ብቻ ስለ ሆነ ነው ክዳኑን እላዩ ላይ እንደ ደፉ የሚያቃጥሉት። የትኛው ጭቃ ምን ያህል እንደሚዛነፍ አስቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ ዕድሜውን በዚያ የፈጀ ሰው ነው። ይህን ዕውቀት የትኛው የስም ምዝገባ ቅጽ ይዞታል?

ስም ይበቃል ለሚሉ ሰዎች ናፖሊን የመሰለ ምስክር የለም። የናፖሊው ንጉሥ ቻርልስ ዘቡርቦን በካፖዲሞንቴ ኮረብታ ላይ የፖርሴሊን ፋብሪካውን ያቋቋመው በ1743 ነው። ሚስቱ ማሪያ አማልያ በ1710 በጀርመን የማይሰንን የፖርሴሊን ፋብሪካ ያስጀመረው የሳክሶኒው አውግስጦስ የልጅ ልጅ በመሆኗ ነጩ ወርቅ የተባለው ፖርሴሊን በጥሎሽ የመጣ ያህል ነበር። በግዛቱ ውስጥ ካኦሊን የተባለው ነጭ አፈር ስላልተገኘ ባለሙያዎቹ ሌላ አፈር ቀምመው፣ ለስላሳ የሚባለውንና የወተት መልክ ያለውን ፖርሴሊን ፈጠሩ። ይህ ጭቃ ቅርጽ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ እነርሱ ግን በዚያው ጭቃ ከ1757 እስከ 1759 ባለው ጊዜ ለንግሥቲቱ በፖርቲቺ ቤተ መንግሥት ግድግዳው በሙሉ ፖርሴሊን የሆነ ክፍል ሠሩላት። ከሦስት ሺህ በላይ ቁራጮች የተገጣጠሙበት ይህ ክፍል ዛሬ በካፖዲሞንቴ ሙዚየም ቆሟል፤ ቅርጾቹን የሠራው ዋናው ሰው ጁዜፔ ግሪቺ ይባላል።

ክፍሉ በተጠናቀቀበት በዚያው ዓመት ቻርልስ የስፔንን ዘውድ ወረሰ። ንጉሡ ከናፖሊ ሲነሣ ምን ይዞ እንደ ሄደ ተንታኛችን ቢያስተውለው ጥሩ ነበር። ስሙን አልያዘም። ግሪቺን ያዘ፤ ሠዓሊዎቹንና ቅርጽ አውጪዎቹን ከነቤተሰባቸው ያዘ፤ የጀሶ ቅርጾቹን፣ የተዘጋጀውን ጭቃ ሳይቀር በመርከብ ጭኖ ወደ ማድሪድ ወሰደ፤ ምድጃዎቹንም እንዲፈርሱ አዘዘ። ቡዌን ሬቲሮ የተባለው የማድሪድ ፋብሪካ በእነዚያው እጆች ወዲያው ሥራ ጀመረ። ናፖሊ ስሙን፣ ኮረብታውንና አየሩን ይዛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ባዶ እጇን ተቀመጠች። ልጁ ፈርዲናንድ በ1771 ፋብሪካውን እንደገና ሲያቋቁም ከዜሮ ነበር የተነሣው፤ ወደ ታላቅ ሥራ የተመለሰው በ1780ዎቹ በዶሜኒኮ ቬኑቲ አመራርና በፊሊፖ ታሊዮሊኒ እጅ ነው። ያን ጊዜ ነው ለአባቱ ወደ ማድሪድ የተላከው የኤርኮላኖ የማዕድ ዕቃና ዛሬ በዊንዘር የሚገኘው፣ ለእንግሊዙ ጆርጅ ሦስተኛ የተላከው የኤትሩስካን ማዕድ የተሠሩት። ከ1759 እስከ 1771 ያለውን ባዶ ጊዜ ስም አልሞላውም። ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

የስሙ ታሪክ ግን ከዚህም ይከፋል። በ1806 ፈረንሳዮች ናፖሊን ከያዙ በኋላ ፋብሪካው ተሸጦ ተዘጋ። ቅርጾቹ ከብዙ እጅ በኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን በፍሎረንስ አጠገብ ወዳለው የጊኖሪ ፋብሪካ ሲደርሱ ዘውድ የደፋችው ኤን የተባለችዋ የላቲን ፊደል፣ የናፖሊ ምልክት፣ በቶስካና ሳህን ሥር መታተም ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጣጠራት? የጀርመን ፋብሪካዎች ተቀባበሏት፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ዛሬ ዘውድና ኤን የታተመበት፣ ናፖሊን በሩቁ እንኳ ያላየ የአበባ ቅርጫት በሮምም በአዲስ አበባም በሳሎን ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ ካፖዲሞንቴ ይባላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ካፖዲሞንቴ የደረሰበት ይኸው ነው፤ ስሙ ከመቃብር በላይ ዋለ፣ ባለ እጁ ከመቃብር በታች።

ለዚህ ነው መልሱ ሕጉ፣ ይላል ተንታኛችን፤ ሕጉ በጊዜው ቢኖር ኖሮ ዘውዷን ማንም አይሰርቃትም ነበር። እቀበላለሁ፣ ሌባውን ይከለክል ነበር። በ1759 ግን ሌባ አልመጣም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ጭኖ የሄደው። የስም ሕግ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚያጠፋውን ነገር አያድንም፣ የሠዓሊዎቹን ክፍል ዘግቶ ተለጣፊ ሥዕል የሚገዛውን ባለፋብሪካ አንዲት ጥያቄ አይጠይቀውም።

ጸሐፊው ስም መጠበቅ ቅርስን ያድናል ለማለት የእኛን ቡና ለምስክርነት መጥራቱ ደግሞ ነገሩን ምን ያህል እንዳልተረዳው ያሳያል። ይርጋጨፌን ይርጋጨፌ የሚያደርገው አፈሩ፣ ከፍታውና ዝናቡ ስለ ሆነ ስሙን መጠበቅ ምንጩን መጠበቅ ነው። የጣሊያን ፖርሴሊን ከመሬት የወሰደው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በቬኔዚያ በ1720 የጀመረው የቬትሲ ፋብሪካ ካኦሊኑን የሚያስመጣው ከሳክሶኒ ስለ ነበር አቅርቦቱ ሲቋረጥ ገና በ1727 ተዘጋ። ማርኪስ ካርሎ ጊኖሪ በ1735 ያንኑ በፍሎረንስ አጠገብ ያለውን ፋብሪካውን በዶቺያ ሲጀምር ከቶስካና አፈር የቀመመው ጭቃ ግራጫ እየወጣ አስቸገረው፤ አንዳንዱንም በነጭ ልባጥ መሸፈን ግድ ነበር። ዛሬ የምናደንቀው ንጣት በኋላ ከውጭ አገር በመጣ ካኦሊን የተገኘ ነው። የፋብሪካው ሠዓሊ አንራይተር እንኳ ከቪየና የመጣ ሰው ነበር። እንግዲህ አፈሩ የውጭ፣ ጥበቡ ከማይሰንና ከቪየና፣ የሁሉም ምንጭ ደግሞ ቻይና ከሆነ በዶቺያ የራሷ የሆነው ምንድን ነው? ቀራጩ ጋስፓሬ ብሩስኪ የፍሎረንስን የነሐስ ቅርጻ ቅርጾች በሰም ከተሠሩ አምሳያዎቻቸው እየተነሣ በፖርሴሊን የደገመበት እጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ስፍራ ለትውልድ የተላለፈው ልማድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ደንቡ አንድ ዕቃ በስፍራው ስም እንዲጠራ የሚጠይቀው ከአሠራሩ ደረጃዎች ቢያንስ አንዱ በዚያ ስፍራ እንዲካሄድ ነው። ቢያንስ አንዱ! ሸክላው በሌላ አገር ተጠፍጥፎ፣ በሌላ አገር ተቃጥሎ፣ ጌጡ ብቻ በስፍራው ቢለጠፍ ዝቅተኛው መስፈርት ተሟላ ማለት ነው። አመልካቾች በዝርዝር መግለጫቸው ከዚህ የጠበቀ ግዴታ ሊያስገቡ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ፈረንሳዮች ገና በ2017 በራሳቸው ሕግ የሊሞዥ ከተማን ፖርሴሊን ሲያስመዘግቡ መሠራቱም መቀባቱም በኦት ቪየን አውራጃ እንዲሆን ደንግገዋል። ይሁንና ሊሞዥ እንኳ ስፍራውን እንጂ እጁን አላስገደደችም። በስፍራው የቆመ ማሽን ያው ማሽን ነው።

ስሙን ለብቻው ነጥሎ የሚያመልከው ሰው የጊኖሪ ፋብሪካ ወዳለበት ወደ ሴስቶ ፊዮረንቲኖ ዞር ብሎ ቢያይ ምን ይል እንደ ነበር ባውቅ ደስ ይለኛል። የጊኖሪ ስም አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። በ1896 (ጣሊያን በዓድዋ ሌላ ነገር በጠፋባት ዓመት) ከሚላኑ የሪቻርድ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ሪቻርድ ጊኖሪ ሆነ። ከ1923 ጀምሮ አርክቴክቱ ጂዮ ፖንቲ የጥበብ ኃላፊነቱን ይዞ በ1925 በፓሪሱ ዐውደ ርእይ ታላቁን ሽልማት አስገኘለት፤ ፖንቲ ግን ንድፉን ከሚላን እየላከ በደብዳቤ ሲሟገት የኖረው በዶቺያ ካሉት ባለሙያዎች ጋር ነው፣ ያለ እነርሱ ወረቀት ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ፍርድ ቤት ኩባንያው መክሰሩን ሲያውጅ ያ ሁሉ ስም የአንድ ወር ደመወዝ አልከፈለም። ጉቺ በ13 ሚሊዮን ዩሮ ሲገዛው ግን ከስሙ ጋር ፋብሪካውንና ሠራተኞቹን ይዞ ነው፤ ስም ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ከዚህ በሚቀል መንገድ ይገዛው ነበር። የቦርሳ ነጋዴ የገባው ነገር ለቅርስ ተቆርቋሪው አልገባውም።

ለክስረቱ ዋጋ የከፈለው ሙዚየሙ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፖርሴሊኖች፣ የሰም አምሳያዎችና የጀሶ ቅርጾች የያዘው የዶቺያ ሙዚየም በ2014 ተዘጋ፤ መንግሥት በ2017 ከተረከበው በኋላም በሩ ለዓመታት እንደ ተቆለፈ ቆይቷል። ስሙ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ጌጠኛ ሆነ፣ በ2020 ጊኖሪ 1735 ተብሎ የምሥረታ ዓመቱን ጭምር ለበሰ። የ1735ቱ አምሳያዎች በቁልፍ ውስጥ፣ ዓመተ ምሕረቱ በሳህኑ ሥር። ይህን አይቶ የማይበሳጭ ሰው ቅርስ የሚለውን ነገር ከማስታወቂያ ጋር አምታትቶታል።

ውድ ዕቃ የሀብታም ነገር ነው፣ ምን አስጨነቀህ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሳህኑን የሚገዛው ሀብታም ነው፣ የሚቀባው ግን ደመወዝተኛ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከናፖሊም ሆነ ከፍሎረንስ ለምዝገባ የሚቀርብ መግለጫ ሁሉ ሁለት ነገር ሳይጽፍ መቅረብ የለበትም፤ የትኞቹ የሥራ ደረጃዎች በእጅ እንደሚሠሩ፣ እንዲሁም ስሙን የሚጠቀመው ፋብሪካ በየዓመቱ ስንት ተለማማጅ እንደሚያሠለጥን። በካፖዲሞንቴ ኮረብታ በጥንቱ የንጉሡ ፋብሪካ ሕንጻ ውስጥ ዛሬም ወጣቶች ፖርሴሊን የሚማሩበት የካዜሊ ትምህርት ቤት አለ። ለጠበቆችና ለምዝገባ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ ትምህርት ቤት የጭቃና የምድጃ ወጪ በልጦ ከተገኘ፣ የቻርልስ መርከቦች እንደገና እየተጫኑ ነው ብዬ እጽፋለሁ፣ ተንታኛችንም ስሙን አቅፎ ወደቡ ላይ ይቁም።