ድሮም ብያለሁ

ረቡዕ ጠዋት ገና እንቅልፌን ሳልጠግብ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ የምንላቸው የአባቴ ጓደኛ ናቸው። "ሃሎ" እንኳን አላሉም።

"ድሮም ብያለሁ! ይሄ ልጅ ያሸንፋል ብዬ ነበር!"

"ይሄ ልጅ" የ47 ዓመቱ ባራክ ኦባማ ነው። በፈረንጆቹ 2008፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል።

እንዴ! ጋሼ ያሉትን እኔ ልንገራችሁ። ሰመሩን ሙሉ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በር እያንኳኳሁ መራጭ ሳስመዘግብ፣ እሳቸው ታክሲያቸውን አቁመው ሻይ ይጠጣሉ። "አንተ ልጅ፣ ጫማህን በከንቱ አትጨርስ። ነጭ ስትጠይቀው እሺ ይልሃል፣ መጋረጃው ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው" ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ማስረጃ አያጣም። በፈረንጆቹ 1982፣ ካሊፎርኒያ፣ ለገዥነት የተወዳደረው ጥቁር ቶም ብራድሊ። በቅድመ ምርጫ ጥናት ሲመራ ከርሞ ተሸነፈ። እኔም ዳግላስ ዋይልደርን ጠቀስኩ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ 1989፣ ጥቁር ገዥ ተመረጠ።

"በስንት ድምፅ?" አሉኝ።

ልዩነቱ 7 ሺህ አይሞላም።

"አየህ!" ብለው ሻያቸውን ጨለጡ። የመመዝገቢያውን ፎርም ስሰጣቸው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ዛሬም እዚያው ያለ ይመስለኛል።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለውን ተረት በጣም ነው የምወደው። ሰው የሚተርተው ውሻውን ፈሪ ለማለት ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ የማግስቱ ጠዋት ነው። ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ሲዞር ይታያችሁ። ጅቡን ያባረረው እሱ! ምሳውንም በዚያው ሒሳብ ይበላል። ኬንያ ሐሙስን የሕዝብ በዓል ብላ ዘግታ ውላለች፤ ልጇ ነው፣ መብቷ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አሁን ቪዛ ይቀላላ?" ብላ ደወለች፤ እሷም ትሁን። ጋሼ ግን በምን ሒሳብ?

ማክሰኞ ዕለት ስታርባክስ መጀመሪያ "ለመረጠ ሁሉ ቡና በነፃ" ብሎ ነበር። ለመራጭ ስጦታ መስጠት ሕግ ይከለክላል ሲባል "ለጠየቀ ሁሉ" ሆነ። ጋሼ አልመረጡም። ጠየቁ።

ምርጫ ካነሳን አይቀር የቆየ ቂም አለኝ። እኛ ሰፈር አንድ የኮሚኒቲ ማኅበር አለ። ጉባኤው ላይ ሊቀመንበር ሲመረጥ "በጭብጨባ እንለፈው" ተባለ። እጄን አውጥቼ "ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?"

መልሴን ሳይሰሙ ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ተብሎ ተጻፈ። ማክሰኞ ማታ እነዚሁ ሰዎች ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው የኦሃዮን ድምፅ ካውንቲ በካውንቲ ሲደምሩ አመሹ። ካያሆጋን እንደ መርካቶ ያውቋታል! የራሳቸውን አዳራሽ እጅ ቁጠሩ ሲባሉ ግን ብልግና ይሆናል። ይሄ አያስቀኝም። የማኅበሩን መዋጮ ሲሰበስቡ አንዲት ዶላር አትጠፋባቸውም፤ መቁጠርማ ይችላሉ።

እማዬን ግን አልቀየማትም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ በሩ ሳይከፈት፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈን ነበር። ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ማንን እንደምትመርጥ ለሰልፉ ሁሉ ታወራለች። እኔም ልመልስላት አፌን ስከፍት እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ዝም በል። ለማን እንደምትሰጥ ማን ጠየቀህ?"

በ97 ምርጫ አጎቴ አዲስ አበባ ተሰልፎ መርጦ፣ በደስታ እየጮኸ ደውሎላት ነበር። ሰኔ ላይ ሰው መገደል ሲጀምር እሷ ደወለችለት። "እስቲ ስለ ዝናቡ እናውራ" አላት። ከዚያ ወዲህ ምርጫ ሲነሳ ድምጿ ይወርዳል። "መርጫለሁ" የሚለውን ስቲከር ሲሰጧት አመስግና ተቀበለችና ካፖርቷ ውስጥ፣ ገበሩ ላይ ለጠፈችው።

ማታ 5 ሰዓት ላይ አሸናፊው ሲታወቅ ግን እልልታዋ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማ። ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለዲሞክራት ፕሬዚዳንት ሰጥታ አታውቅም ነበር። ፕሬዚዳንቱን ከሚወስነው የኤሌክቶራል ድምፅ፣ ከቨርጂኒያ 13ቱ ውስጥ የእማዬ ቁንጥጫ አለበት።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጋሼ። ትናንት ደግሞ መጡ። የጃንዋሪ 20ው በዓለ ሲመት ቲኬት ከኮንግረስ አባላት ቢሮ በነፃ እንደሚታደል በሬዲዮ ሰምተዋል።

"እስቲ ጠይቅልኝ የኔ ልጅ። የመረጥነው እኛ አይደለን? አይነፍጉንም።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።

ለሁለት ሰው ጠይቄያለሁ። ለእማዬና ለእኔ።